«በድርጅትዎ የሚተዳደር»፦ የትኛው ድርጅት?

በቤታችሁ ኮምፒውተር ላይ ክሮምን ክፈቱና ከላይ በቀኝ ጥግ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫኑ። የሚወርደውን ዝርዝር እስከ ታች ተመልከቱት። «በድርጅትዎ የሚተዳደር» የሚል መስመር አለ? ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤት ከሆነ ችግር የለውም፤ እውነቱን ነው የነገራችሁ። ግን በራሳችሁ ብር የገዛችሁት፣ ልጆች ጌም የሚጫወቱበት፣ እናንተ ደግሞ የባንክ ሒሳባችሁን የምታዩበት ከሆነ ጥያቄው ይመጣል። የትኛው ድርጅት? እኔ ሳላውቅ ማን ቀጠረኝ?

ኢንቦክሴ ውስጥ ስለ ኮምፒውተር ከሚመጡልኝ ጥያቄዎች ይሄኛው አያልቅም። ሁሉም የሚጠይቀኝ «እንዴት ላጥፋው?» ብሎ ነው። ማጥፋቱ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ታች ላይ እጽፈዋለሁ። ነገር ግን ነገርዬው ከየት እንደመጣ ሳያውቁ ያጠፉት ሰዎች በማግሥቱ «ተመልሶ መጣ» ብለው ይጽፉልኛል። ስለዚህ ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ። ቡናችሁን ያዙ፣ ረዘም ይላል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1990ዎቹ አጋማሽ ላይ እንጀምር። አንድ መሥሪያ ቤት አምስት መቶ ኮምፒውተር አለው፣ የሚያስተዳድረው ሰው ግን አንድ ወይም ሁለት ነው። አንዱ ሠራተኛ የስክሪኑን ቀለም ቀይሮ ፊደሉ አልታይ ይለዋል፣ ሌላው ኮንትሮል ፓነል ገብቶ ፕሪንተሩን ያጠፋዋል፣ ሌላዋ ከቤቷ ባመጣችው ፍሎፒ ጌም ትጭናለች። አስተዳዳሪው ከፎቅ ፎቅ ሲሮጥ ይውላል። ማይክሮሶፍት ለዚህ ሰው ብሎ በዊንዶውስ 95 እና በ1996 በወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ 4 ላይ «ሲስተም ፖሊሲ» የሚባል ነገር አመጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰርቨር ላይ አንድ ፋይል ይቀመጣል፣ ሠራተኛው ጠዋት ስሙንና የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ሲገባ ኮምፒውተሩ ያንን ፋይል ያነባል፣ የተከለከለውን ይከለክላል፣ የታዘዘውን ያደርጋል።

ችግሩ ትእዛዙ ሲሻር ነበር። አስተዳዳሪው ፖሊሲውን ከሰርቨሩ ላይ ቢያነሣውም በየኮምፒውተሩ ሬጅስትሪ ውስጥ የተጻፈው አይጠፋም። (ሬጅስትሪ ማለት ዊንዶውስ የራሱንም የፕሮግራሞቹንም ቅንብር የሚመዘግብበት ትልቅ መዝገብ ነው።) ባለሙያዎቹ ለዚህ ጠባይ ያወጡለት ስም ደስ ይለኛል፤ «ንቅሳት» ነው ያሉት። እናቶቻችን አንገት ላይ ያለውን የሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። የነቀሰችው ሴትዮ ከሄደች ሃምሳ ዓመት ቢሆንም ሥራዋ እዚያው ነው።

በየካቲት 2000 ዊንዶውስ 2000 ሲወጣ ይሄ ተስተካከለ። አዲሱ አሠራር «ግሩፕ ፖሊሲ» ተባለ። በሬጅስትሪው ውስጥ «ፖሊሲስ» የሚባል ለብቻው የተከለለ ክፍል ተሠራ። ተራው ተጠቃሚ እዚያ ክፍል ውስጥ መጻፍ አይችልም። ትእዛዙ ሲነሣ የተጻፈውም አብሮ ይነሣል፣ ንቅሳት የለም። ፕሮግራሞች ደግሞ ሲነሡ መጀመሪያ ወደዚያ ክፍል ይመለከታሉ፤ እዚያ የተገኘ ቃል የተጠቃሚውን ምርጫ ይሽራል። እስከ ዛሬ ድረስ የምንኖረው በዚህ አሠራር ነው፣ ክሮምም ኤጅም ፋየርፎክስም።

እዚህ ጋ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ያለው ጣጣ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። አሠራሩ በሙሉ የቆመው በአንድ እምነት ላይ ነው፦ «እዚያ ክፍል ውስጥ መጻፍ የሚችለው አስተዳዳሪው ብቻ ነው፤ ስለዚህ እዚያ የተጻፈ ሁሉ የአስተዳዳሪው ቃል ነው።» በመሥሪያ ቤት ይሄ ልክ ነው። ቤት ውስጥስ? ቤት ውስጥ አስተዳዳሪ የሚባል ሰው የለም። ወይም በሌላ አነጋገር አስተዳዳሪው እናንተ ናችሁ፤ አብዛኞቻችን ኮምፒውተራችን ላይ የምንሠራው በአስተዳዳሪ አካውንት ነው። አንድ ፕሮግራም ስትጭኑ ስክሪኑ ደብዘዝ ብሎ «ይህ ፕሮግራም ለውጥ እንዲያደርግ ይፈቅዳሉ?» ይላችኋል፣ እናንተም «አዎ» ትላላችሁ። በዚያች ቅጽበት ያ ፕሮግራም አስተዳዳሪ ሆነ። የተከለለው ክፍል ቁልፍ በእጁ ገባ ማለት ነው።

ይህን ለማየት ሃያ ዓመት መጠበቅ አላስፈለገም። በ2000ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር የነካ ሰው የፍላሽ ቫይረስ ዘመንን አይረሳውም። ፍላሻችሁን ኢንተርኔት ካፌ ሰክታችሁ ቤት ትመለሳላችሁ፣ ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተቀይረዋል። ምን እንደሆነ ለማየት ታስክ ማናጀር ልክፈት ስትሉ «ታስክ ማናጀር በአስተዳዳሪዎ ተከልክሏል» ይላችኋል። ሬጅስትሪውን ልክፈት፣ «በአስተዳዳሪዎ ተከልክሏል»። ፎልደር ኦፕሽን ከነአካቴው ከሜኑው ላይ ጠፍቷል። እንዴ! የቱ አስተዳዳሪ? ቤት ውስጥ ያለው እኮ እኔና ወንድሜ ብቻ ነን።

ያ አስተዳዳሪ ቫይረሱ ነበር። በ2005 ብቅ ብሎ ዓለምን ያዳረሰው፣ ከኢንዶኔዥያ የተነሣው ብሮንቶክ የሚባለው ትል ለምሳሌ ሬጅስትሪ ኤዲተርንና ፎልደር ኦፕሽንን ይዘጋ የነበረው በሌላ ተአምር አይደለም። እዚያው የፖሊሲ ቦታ ላይ፣ እውነተኛ አስተዳዳሪ ቢሆን የሚጽፈውን ያንኑ ነገር በመጻፍ ነው። ዊንዶውስም ቃሉን አምኖ ለተጠቃሚው «አስተዳዳሪዎ ነው የከለከለው» ብሎ ተናገረ። ሌባው በር ላይ ዘበኛ ሆኖ ቆመ፣ ቤቱም ዘበኛዬ ነው አለ።

የሚያስቀው (ያኔ አላስቀንም ነበር) ያንኑ ዘዴ የኢንተርኔት ካፌ ባለቤቶችም ይጠቀሙበት ነበር። ደንበኛ ኮንትሮል ፓነል እንዳይገባ፣ ድራይቭ ሲ እንዳይታየው፣ ሆምፔጁን እንዳይቀይር ይዘጉታል። ስለዚህ አንድ ካፌ ገብታችሁ «በአስተዳዳሪዎ ተከልክሏል» ሲላችሁ ባለቤቱ ይሁን ቫይረሱ የምታውቁበት መንገድ አልነበረም። መልእክቱ አንድ ነው፣ ቦታውም አንድ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ብሮውዘሩም ላይ ተመሳሳይ ታሪክ ነበር። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በ1997 በአራተኛው እትሙ ሌሎች ፕሮግራሞች ገብተው ከብሮውዘሩ ጋር አብረው የሚነሡበትን በር ከፈተ። ለበጎ ነው የተከፈተው። ከዚያ ቱልባር የሚባል መዓት መጣ። ያንን ዘመን የምታስታውሱ፣ ግማሹ ስክሪን በቱልባር ተሞልቶ ለድረ ገጹ አራት ጣት ቦታ የቀረለት ኮምፒውተር አይታችኋል። በ2003 ደግሞ ኩልዌብሰርች የሚባል የብሮውዘር ጠላፊ ወጣ። ሆምፔጁን ይቀይራል፣ ትመልሱታላችሁ፣ እንደገና ይቀይራል። መራይን ቤሌኮም የሚባል ሆላንዳዊ ተማሪ ሃይጃክዚስ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ሠራ። ፕሮግራሟ አትፈርድም፤ ጠላፊዎች የሚወዷቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ዞራ ያገኘችውን ትዘረዝራለች፣ ፍርዱን ለሰው ትተዋለች። እያንዳንዱ ቦታ ኮድ አለው። «ኦ6» ማለት የብሮውዘሩ ቅንብር በአስተዳዳሪ ተገድቧል፣ «ኦ7» ማለት ሬጅስትሪ ኤዲተር በአስተዳዳሪ ተከልክሏል ማለት ነው።

እና «ኦ6» ሲገኝ ምን ይደረግ ነበር? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ስፓይቦት የሚባለው የታወቀ ስፓይዌር ማጥፊያ ሆምፔጃችሁን እንዳይነካባችሁ የሚቆልፍ ምርጫ ነበረው፣ የሚቆልፈውም በዚያው በፖሊሲ ነው። ስለዚህ «ኦ6» ያገኘ ሰው መጀመሪያ «ስፓይቦት ላይ ቆልፈሃል ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ሐኪሙም በሽታውም አንድ ዓይነት ማሰሪያ ነው የሚጠቀሙት። ሃይጃክዚስ በ2007 ለትሬንድ ማይክሮ ተሸጠች፤ ዛሬ ብዙ ወጣት ቴክኒሻን ስሟንም አያውቅም። ለእኔ ግን ከዚያ ወዲህ ከወጡት ብዙ «አንድ ክሊክ» ማጽጃዎች ትበልጣለች፣ ሰውን እንዲያስብ ታስገድድ ነበርና።

ክሮም በመስከረም 2008 መጣ። ፈጣን፣ ቀላል፣ ቱልባር የሌለው። መሥሪያ ቤቶች ግን «አስተዳዳሪ የሚቆጣጠረው ካልሆነ አንጭነውም» አሉ፣ እውነታቸውን ነው። በታኅሣሥ 2010 ጉግል ክሮም ለድርጅቶች ዝግጁ ነው ብሎ አወጀ፤ ከዚያ ወዲህ ግሩፕ ፖሊሲን ያነባል። በፖሊሲ ምን ማድረግ ይቻላል ብትሉ፣ የማይቻለውን መቁጠር ይቀላል። ኤክስቴንሽን በግድ ይጫናል፣ ድረ ገጾች ይዘጋሉ፣ የኢንተርኔት መተላለፊያችሁ በሌላ ሰርቨር በኩል እንዲዞር ይደረጋል፣ አደገኛ ገጽ ሲመጣ የሚያስጠነቅቀው ጥበቃ ይጠፋል። ለአንድ ባንክ ወይም ለአንድ ትምህርት ቤት እነዚህ ሁሉ ተገቢ ናቸው። ያው ሥልጣን ግን በቤታችሁ ላፕቶፕ ላይም ተኝቶ ይጠብቃል። ቤት ውስጥ የምንጠቀምበት «ሆም» የሚባለው ዊንዶውስ ፖሊሲ ማስተካከያው መስኮት እንኳ የለውም፤ ቢሆንም ሬጅስትሪው ውስጥ የተጻፈውን ክሮም ያነበዋል። መስኮቱ ለባለቤቱ ተዘግቷል፣ በሩ ለመጪው ክፍት ነው።

2013 አካባቢ ክሮምም እንደ ቀደመው በጠላፊ ተሞላ። ነፃ ፕሮግራም ስትጭኑ ተደርቦ የሚገባ ኤክስቴንሽን መከራ ሆነ። ጉግል በኅዳር 2013 አሳውቆ ከግንቦት 2014 ጀምሮ በዊንዶውስ ላይ ከራሱ መደብር ውጭ የመጣ ኤክስቴንሽን እንዳይሠራ ከለከለ። ትልቅ ግንብ ነው። ግን ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው የሚሠሯቸው የራሳቸው ኤክስቴንሽኖች አሏቸው፤ እነሱን መዝጋት አይቻልም። ስለዚህ ግንቡ ላይ አንዲት በር ተተወች፣ ስሟ ፖሊሲ።

ጠላፊዎቹ ምን አደረጉ መሰላችሁ? የአስተዳዳሪ ካፖርት ለብሰው በበሩ ገቡ። ይሄኛው ደግሞ ከበፊቱ የባሰ ነው። ድሮ ኤክስቴንሽኑን ቢያንስ ማጥፋት ይቻል ነበር። በፖሊሲ የገባ ኤክስቴንሽን ግን ማጥፊያው አይሠራም፤ «በአስተዳዳሪዎ የተጫነ» ይላል፣ አለቀ። ጉግል በኋላ በሩን አጠበበው። ሆምፔጅና ሰርች የሚቀይሩትን የመሳሰሉ ፖሊሲዎች ከድርጅት ኔትወርክ ጋር ባልተገናኘ ዊንዶውስ ላይ አይሠሩም፣ በግድ የሚጫን ኤክስቴንሽንም እንዲህ ባለ ኮምፒውተር ላይ ከመደብሩ የመጣ መሆን አለበት ተባለ። ጥሩ ነው። ጠላፊዎቹ ታዲያ ኤክስቴንሽናቸውን መደብሩ ውስጥ አስገብተው ከዚያ በፖሊሲ ያስጭኑት ጀመር።

ፋየርፎክስ ለብዙ ዓመት ከዚህ ጨዋታ ውጭ ነበር፤ በግንቦት 2018 በ60ኛው እትሙ የራሱን የፖሊሲ አሠራር አመጣ። ብዙ ሳይቆይ የፋየርፎክስ ተጠቃሚዎችም «ብሮውዘርዎ በድርጅትዎ ይተዳደራል» የሚለውን ማየት ጀመሩ፣ ብዙውን ጊዜም ጥፋተኛው አንቲቫይረሳቸው ሆኖ ተገኘ። አንዳንድ አንቲቫይረሶች የተመሰጠረውን ግንኙነት ለመፈተሽ የራሳቸውን ሰርተፊኬት የሚያስገቡት በፖሊሲ ነው። ስፓይቦት እንደገና ማለት ነው።

ከዚያ 2019 መጣ። ክሮም በ73ኛው እትሙ፣ ማንኛውም ፖሊሲ ካገኘ በሜኑው ግርጌ «በድርጅትዎ የሚተዳደር» ብሎ መጻፍ ጀመረ። ዓለም ተደናገጠ። «ተጠለፍኩ» ያለው ብዙ ነው፣ ጉግልን የተሳደበው ብዙ ነው። እኔ በዚህ ላይ ከብዙው ሰው እለያለሁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ለተጠቃሚው ከተደረጉት ነገሮች ትልቁ ይሄ መስመር ነው ባይ ነኝ። ጠላፊው እኮ ለዓመታት እዚያው ነበር። አዲሱ ነገር ብሮውዘሩ መናገሩ ነው። ችግሩ አነጋገሩ ላይ ነው። ብሮውዘሩ የሚያውቀው «በተከለለው ክፍል ውስጥ ጽሑፍ አለ» የሚለውን ብቻ ነው። ማን እንደጻፈው አያውቅም፣ ማወቅም አይችልም። ስለዚህ «የሆነ ሰው እዚህ ጽፏል» ማለት ሲገባው «ድርጅትዎ» አለ። ሰዉም ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ጉግል ሰለለኝ ይላል፣ ሌላው «ድርጅት ካለ መቼስ ሕጋዊ ነው» ብሎ ይተወዋል። የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ነው።

ለምን እንደሚያስፈራኝ በአንድ ጎረቤቴ ልንገራችሁ። እትዬ እንበላት። ቤቷ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፣ ትእዛዝ የምትቀበለውም ክፍያ የምታየውም በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ልጇ ለጌም የሚሆን ነገር ከሆነ ቦታ አውርዶ ጫነ። ከዚያ ወዲህ ጉግል ላይ የባንኳን ስም ስትጽፍ ሌላ የማታውቀው ሰርች ይከፈታል፣ ከላይ የሚመጡት ሦስት አራቱ ማስታወቂያ ናቸው። ኮምፒውተር ቤት ወሰደችው፣ ከፈለች፣ «ተስተካክሏል» ተባለች። በማግሥቱ ተመለሰ። ደግማ ከፈለች። እኔ ጋ ስትመጣ «ልጄ፣ ይሄ ድርጅት የሚሉት ባንኩ ይሆን እንዴ? ባንኩ ከሆነ አትንካው» አለችኝ። ኤክስቴንሽኑን ስከፍት የተሰጠው ፈቃድ በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለውን ሁሉ ማንበብና መቀየር ነው። የይለፍ ቃሏን ስትጽፍ ከጎኗ ቁጭ ብሎ ማየት ይችላል ማለት ነው። የነኩት ሰዎች ሬጅስትሪውን አጽድተውላት ነበር፣ ሥራቸው ትክክል ነው። ግን በዊንዶውስ የተያዙ ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ የተቀመጠ አንድ ትእዛዝ ላፕቶፑ በተነሣ ቁጥር መልሶ ይጽፈዋል።

ይሄ የእትዬ ብቻ አይደለም። በነሐሴ 2024 ሪዝንላብስ የሚባል የደኅንነት ኩባንያ ያወጣው ሪፖርት ልክ ይህንኑ ይገልጻል። የታወቁ ፕሮግራሞችን የሚመስሉ የማውረጃ ገጾች ይሠራሉ፣ የሮብሎክስ ጌም ማፍጠኛ፣ ቪኤልሲ፣ ኪፓስ። ያወረደው ሰው ኮምፒውተር ላይ የተያዘ ሥራ ይቀመጣል፣ እሱ በፖሊሲ በኩል ክሮምና ኤጅ ላይ ኤክስቴንሽን በግድ ያስጭናል። የተነካው ሰው ቢያንስ ሦስት መቶ ሺህ ነው ብለዋል። በጥር 2025 ደግሞ ስኩዌርኤክስ የሚባሉ ተመራማሪዎች ሌላ ደረጃ አሳዩ። አጥቂው ጉግል ላይ እውነተኛ የድርጅት አካውንት ይከፍታል፣ ከዚያ በኤክስቴንሽንና በሐሰተኛ አፕዴት አማካኝነት የሌላ ሰው ብሮውዘር የዚያ ድርጅት አባል እንዲሆን ያደርጋል። ይሄኛው የመጨረሻው ቀልድ ነው። አሁን «በድርጅትዎ የሚተዳደር» የሚለው ቃል ውሸት እንኳ አይደለም። ድርጅቱ አለ፣ የተመዘገበ ነው፣ ባለቤቱ ሌባው ነው።

ወደ ማጥፋቱ ከመሄዳችን በፊት አንድ ለእኛ አገር የሚመለከት ነገር። ከአሜሪካና ከዱባይ ያገለገሉ ላፕቶፖች በብዛት ይገባሉ። ብዙዎቹ የድርጅት ነበሩ። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ላይ መልእክቱ ካለ ቫይረስ ላይሆን ይችላል፤ የድሮው ድርጅት አሁንም ባለቤት ሆኖ ተመዝግቦ ይሆናል። ፎርማት አድርጋችሁ ኢንተርኔት ስታገናኙት የማታውቁት ኩባንያ አርማ መጥቶ «የመሥሪያ ቤት ኢሜይልዎን ያስገቡ» ካለ ምዝገባው ያለው በማይክሮሶፍት ወይም በአፕል ሰርቨር ላይ ነው፣ ሬጅስትሪ መነካካት አይፈታውም። የሚያነሣው የድሮው ድርጅት ብቻ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ሆናችሁ፣ ከፎርማት በኋላ፣ ዋይፋይ አገናኝታችሁ አስነሡትና ተመልከቱ። ሻጩ ቢነጫነጭም ይነጫነጭ።

እሺ፣ አሁን ማጥፋቱ። መጀመሪያ ማንበብ ነው። አድራሻ መጻፊያው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ክሮም፣ ሁለት ነጥብ፣ ሁለት ስላሽ፣ ከዚያ ፖሊሲ ብላችሁ ጻፉ። የሚመጣው ሠንጠረዥ የሃይጃክዚስ የልጅ ልጅ ነው፤ አይፈርድም፣ ይዘረዝራል። የፖሊሲው ስም፣ የታዘዘው ነገር፣ ከየት እንደመጣ። «ምንጭ» የሚለውን ዓምድ እዩ። «ክላውድ» ካለ የመጣው በአካውንት ወይም በምዝገባ ነው። ብሮውዘሩ ላይ የመሥሪያ ቤት ወይም የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል አስገብታችሁ ከሆነ ያ ፕሮፋይል ነው፣ ከፈለጋችሁ ፕሮፋይሉን አውጡት፣ ሌላ ጣጣ የለም። የማታውቁት ድርጅት ስም ከሆነ ግን አሁን የነገርኳችሁን የስኩዌርኤክስን ነገር አስታውሱ። «ፕላትፎርም» ካለ ኮምፒውተሩ ውስጥ የተጻፈ ነው። አንድ ሁለት መስመር ብቻ ሆኖ የአንቲቫይረሳችሁን ሰርተፊኬት ወይም ራሳችሁ ያደረጋችሁትን የሚመለከት ከሆነ ተዉት። (በ2024 የድሮው ማስታወቂያ ማገጃ እንዳይጠፋባቸው ብለው ራሳቸው ፖሊሲ የጻፉ ሰዎች አሉ፤ ረስተውት ኋላ የደነገጡም አሉ።) በግድ የሚጫኑ ኤክስቴንሽኖችን ዝርዝር የያዘ ፖሊሲ እናንተ የማታውቁት ፊደላት ተሰድረውበት ካያችሁ ግን እሱ ነው።

ከዚህ በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ሬጅስትሪው ይሮጣል። አትሩጡ። ቅደም ተከተሉ ነው ዋናው። በመጀመሪያ የጻፈውን እጅ ፈልጉ። የተጫኑ ፕሮግራሞችን ዝርዝር በቀን ደርድራችሁ መልእክቱ የመጣበት ሰሞን የገባውን እዩ፣ የማታውቁትን አስወጡ። ክራክና አክቲቬተር የሚባሉትን አትለፏቸው፣ ብዙውን ጊዜ ዕቃው የሚመጣው በእነሱ ትከሻ ነው። ከዚያ ታስክ ስኬጁለር ክፈቱና ፓወርሼል የሚያስነሣ፣ «አፕዴተር» ምናምን የሚል፣ ግን የየትኛው ፕሮግራም እንደሆነ የማይታወቅ ሥራ ካለ አጥፉት። በዊንዶውስ ዲፌንደር ሙሉ ፍተሻ አድርጉ። ክሮም ራሱ ማጽጃ ነበረው፣ ከ2017 ጀምሮ ከኢሴት ጋር የሚሠራ፤ በ2023 ተነሥቷል፣ ስለዚህ የድሮ ቪዲዮ አይታችሁ አትፈልጉት።

አሁን ሬጅስትሪ። ክሮምን ሙሉ በሙሉ ዝጉት። ሬጅስትሪ ኤዲተር ስትከፍቱ «ሎካል ማሽን» ከሚለው ሥር ሶፍትዌር፣ ከሱ ሥር ፖሊሲስ፣ ከሱ ሥር ጉግል፣ ከዚያ ክሮም። መጀመሪያ በቀኝ ተጭናችሁ ኤክስፖርት አድርጉት፣ ቅጂ ይኑራችሁ። ከዚያ ክሮም የሚለውን ብቻ አጥፉ። ፖሊሲስ የሚለውን በሙሉ እንዳታጠፉ፣ የዊንዶውስም ጉዳይ እዚያ አለ። «ከረንት ዩዘር» ሥር ያለውንም እንዲሁ አድርጉ። ለኤጅ ማይክሮሶፍት ከሚለው ሥር ኤጅ፣ ለፋየርፎክስ ሞዚላ ከሚለው ሥር ፋየርፎክስ ነው፤ ፋየርፎክስ በተጫነበት ፎልደር ውስጥ «ዲስትሪቢውሽን» የሚባል ፎልደርና የፖሊሲ ፋይልም ሊኖር ይችላል። ሲስተም 32 ውስጥ «ግሩፕ ፖሊሲ» የሚባል የተደበቀ ፎልደር አለ፤ አንዳንድ ጠላፊ እዚያ ነው የሚጽፈው፣ ሬጅስትሪውም ከሱ ይታደሳል። ኮምፒውተሩ በእርግጠኝነት የግላችሁ ከሆነ የውስጡን ወደ ሌላ ቦታ አንሡት። ማክ ለምትጠቀሙ ነገሩ ያለው ሲስተም ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስ ማኔጅመንት» (በድሮዎቹ እትሞች «ፕሮፋይል») የሚለው ላይ ነው፤ የማታውቁት ፕሮፋይል ካለ አስወጡት።

ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አስነሡ። የፖሊሲውን ገጽ ከፍታችሁ «ሪሎድ» በሉ። ባዶ ከሆነ ወደ ኤክስቴንሽኖቹ ሂዱ፣ አሁን ማጥፊያው ይሠራል። ሰርቹንና ሆምፔጁን መልሱ። በማግሥቱ ደግሞ አንዴ እዩ፤ ተመልሶ ከሆነ እጁ አልተገኘም ማለት ነው፣ ወደ ታስክ ስኬጁለር ተመለሱ። ሁለት ጊዜ ፈልጋችሁ ካጣችሁ ፎርማት ማድረግ አያሳፍርም፣ ፎቶና ሰነዳችሁን አውጡና አድርጉት።

እትዬ ጋ ይሄ ሁሉ ከአለቀ በኋላ የቀረን ሥራ የይለፍ ቃል መቀየር ነበር። የኢሜይሏን፣ የባንኳን፣ የቴሌግራሟን፣ አንድ በአንድ፣ ከላፕቶፑ ሳይሆን ከስልኳ። ኢሜይሏ ላይም የገቡ መሣሪያዎችን ዝርዝር አይተን የማናውቀውን አስወጣን። ከማጽዳቱ ይልቅ ይሄ ነው ረጅም ጊዜ የወሰደው፣ ሁለት ስኒ ቡና።

የፖሊሲ ገጻችሁን አይታችሁ ያልገባችሁ መስመር ካለ ፎቶ አንሥታችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ኢሜይላችሁን ግን ሸፍኑት።